ለተጎታች ቤት የሚሆን የ12 ቮልት ማቀዝቀዣ፦ ከኮምፕረሰሩ በፊት ሳጥኑን ማስላት

ከመብራት መስመር ርቆ ቀናትን በሚያሳልፍ ተጎታች ቤት ውስጥ ከባትሪው ኃይል ከሚወስዱት ዕቃዎች ሁሉ ማቀዝቀዣን የሚያህል የለም። አምፖሉ ማታ ብቻ ይበራል፤ የውሃ ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃዎች ይሠራል፤ ስልክም ሞልቶ ይነቀላል። ማቀዝቀዣው ግን ቀንም ሌሊትም ወደ ውስጡ የሚገባውን ሙቀት ሲያወጣ ይውላል፣ ያድራል። የባትሪው መጠንም ሆነ የሶላር ፓነሉ ስፋት፣ በአንድ ቦታ ያለ ሥጋት መቆየት የሚቻልበት ጊዜም ጭምር በአብዛኛው የሚወሰኑት በዚህ አንድ ዕቃ ነው። የራሴን ተጎታች ማቀዝቀዣ ለመለወጥ በተነሣሁ ጊዜ ያነበብኩትን፣ ያሰላሁትንና ሠርቼ የለካሁትን እዚህ የማሰፍረው ተመሳሳይ ምርጫ የገጠመው ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እንዲጠቀምበት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከሚነጋገሩ ሰዎች ዘወትር የምሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ የትኛው ኮምፕረሰር (የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቀው ሞተር) ይሻላል የሚል ነው። እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ከዚህ ይለያል። ጥሩ የሚባሉት የ12 ቮልት ኮምፕረሰሮች በብቃት ረገድ ያላቸው ልዩነት ጠባብ ሲሆን፣ በአንድ ደካማ ሳጥንና በአንድ ጥሩ ሳጥን መካከል ያለው ልዩነት ግን የኃይል ፍጆታውን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ መቅደም ያለበት ጥያቄ በሰዓት ምን ያህል ሙቀት ወደ ውስጥ ይገባል የሚለው ነው።

ወደ ሳጥኑ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ማቀዝቀዣ ዓይነቶች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዓይነቱ ከተሳተ የሳጥኑ ጥራት ብቻውን አያድንም። ተጎታቹን ስረከብ አብሮት የመጣው በጋዝ፣ በቤት መብራትና በ12 ቮልት የሚሠራው፣ ሦስት ምንጭ ያለው ማቀዝቀዣ ነበር። ይህ ዓይነት ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር የለውም፤ በውስጡ ያለውን የአሞኒያ፣ የውሃና የሃይድሮጂን ድብልቅ በማሞቅ የሚሠራ ሲሆን፣ አሠራሩን በ1922 የፈጠሩት ባልትዛር ቮን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ወጣት የስዊድን መሐንዲሶች ናቸው። የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው ድምፅ አያሰማም፤ በጋዝ ሲሠራም አንድ ሲሊንደር ለብዙ ቀናት ይበቃዋል። ችግሩ ያለው በ12 ቮልት ሲሠራ ነው። ሙቀቱን የሚያገኘው ከማሞቂያ ሽቦ በመሆኑ 120 ዋት ገደማ፣ ማለትም 10 አምፔር ያህል፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ዕረፍት ይወስዳል፤ ይህም በ24 ሰዓት 240 አምፔር-ሰዓት (አምፔሩ በሰዓቱ ሲባዛ የሚገኘው መጠን) ማለት ነው። የ12 ቮልቱ መስመር የተሠራው መኪናው እየተጓዘ ዲናሞው ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ ቅዝቃዜውን ለማቆየት እንጂ በቆመ ተጎታች ውስጥ ከባትሪ ለመሥራት አይደለም። በተጨማሪም ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ የሚወርደው በስበት ብቻ ስለሆነ፣ ተጎታቹ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ካልቆመ ማቀዝቀዙን ያቆማል። ጋዝ ለመያዝ ፈቃደኛ የሆነና በየቦታው ተጎታቹን ለማስተካከል የማይታክት ሰው ቢጠቀምበት አልቃወምም፤ በባትሪና በፀሐይ ብቻ ለመኖር ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ዓይነት ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲየ በ1834 ባስተዋለው ክስተት ላይ የተመሠረተው፣ ኤሌክትሪክ በሁለት የተለያዩ አስተላላፊዎች መገናኛ ላይ ሲያልፍ አንዱን ጎን የሚያቀዘቅዝ ሌላውን የሚያሞቀው ነው። ዋጋው ዝቅተኛ፣ ክብደቱም ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛዋል። ነገር ግን አብዛኞቹ ሳጥኖች ከውጭው አየር 20 ዲግሪ ገደማ ብቻ ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ ውጭው 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን ውስጡ 15 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። ሥጋና ወተት ሳይበላሹ የሚቆዩት ከ5 ዲግሪ በታች ነው። ይህን እንኳ ሳያሟላ 4 ወይም 5 አምፔር ሳያቋርጥ ይወስዳል። ለግማሽ ቀን መንገድ መጠጥ ከመያዝ ያለፈ ሥራ አልሰጠውም።

የቀረው ኮምፕረሰር ነው። በጀልባዎችና በተጎታች ቤቶች ዘንድ ለረጅም ጊዜ መለኪያ ሆኖ የቆየው በመጀመሪያ በዳንፎስ ስም፣ በኋላም በሴኮፕ ስም የሚመረተው ቢዲ 35 ነው፤ ሌሎችም ብዙዎቹ የእርሱን አሠራር ይከተላሉ። በ12 እና በ24 ቮልት ይሠራል። ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ቀስ ብሎ ስለሚያስነሣው እንደ ቤት ፍሪጅ ሲነሣ ከፍተኛ ኃይል አይጎትትም። ፍጥነቱም በቴርሞስታቱ ሽቦ ላይ በምትገባ ትንሽ ሬዚስተር ከ2000 እስከ 3500 ዙር በደቂቃ ሊወሰን ይችላል። እኔ ዝቅተኛውን ፍጥነት መርጫለሁ። በዝግታ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ ኢቫፖሬተሩ (በሳጥኑ ውስጥ ያለው የሚቀዘቅዘው ክፍል) ከልክ በላይ አይቀዘቅዝም፤ ኢቫፖሬተሩ ባነሰ መጠን በቀዘቀዘ ቁጥር ደግሞ በአንድ ዋት ኤሌክትሪክ የሚወጣው ሙቀት ይበዛል። ይህ የሚሠራው ግን የሳጥኑ የሙቀት ማገጃ ጥሩ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሙቀት የሚያስገባ ሳጥን በዝቅተኛ ፍጥነት የሚሠራውን ኮምፕረሰር ያለ ዕረፍት ያስሮጠዋል።

አሁን ወደ ሳጥኑ። በግድግዳ በኩል የሚገባው ሙቀት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በግድግዳው ስፋት፣ በውስጥና በውጭ ባለው የዲግሪ ልዩነት፣ እንዲሁም የማገጃው የሙቀት አስተላላፊነት በውፍረቱ ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር። ሦስቱን ማባዛት ብቻ ነው። ለምሳሌ ውስጡ 50 በ35 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 52 ሊትር ያህል የሚይዝ ሳጥን እንውሰድ። ማገጃው አስተላላፊነቱ (በዋት፣ በሜትርና በዲግሪ ሲለካ) 0.033 የሆነ ጠንካራ የፖሊስታይሪን ፎም ይሁን፤ ውጭው 30፣ ውስጡ 4 ዲግሪ ይሁን። ግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የውስጡና የውጭው ስፋት አማካይ 1.1 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ 19 ዋት ሙቀት ሳያቋርጥ ይገባል። ግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ደግሞ የሚገባው ወደ 11 ዋት ይወርዳል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ በትክክል በግማሽ የማይቀንሰው ውጫዊው ስፋት አብሮ ስለሚያድግ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ መሄድ በጠባብ ተጎታች ውስጥ የሚወስደውን ቦታ የሚያካክስ ጥቅም አላገኘሁበትም።

ኮምፕረሰሩ በአንድ ዋት ኤሌክትሪክ 1.2 ዋት ሙቀት ያወጣል ብለን በጥንቃቄ ብናስብ፣ ባለ 5 ሴንቲ ሜትሩ ሳጥን በቀን ከ31 አምፔር-ሰዓት በላይ ሲፈልግ ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ በ19 ይበቃዋል። ያው ኮምፕረሰር፣ ያው የውስጥ መጠን ነው፤ የተለወጠው ፎሙ ብቻ ነው። እኔ የሠራሁት ሁለተኛውን ነው። ምግብ እየገባና እየወጣ፣ በመካከለኛ ሙቀት ወቅት፣ በአምፔር-ሰዓት ቆጣሪ ስለካው በቀን ከ20 እስከ 25 ድረስ ይወስዳል፤ ከስሌቱ የሚበልጠውም አዲስ የሚገባው ምግብ ይዞት የሚመጣው ሙቀት ነው።

ስለ ማገጃው ዓይነት ሲነሣ ፖሊዩሬቴን ፎም ከፖሊስታይሪን ይሻላል፤ አስተላላፊነቱ አዲስ ሳለ 0.025 ገደማ ነው። ከሁሉም የሚበልጡት አየር የተመጠጠላቸው ፓነሎች ናቸው፤ ነገር ግን ሊቆረጡ አይችሉም፣ አንዲት ቀዳዳ ካገኘቻቸውም ጥቅማቸው በአብዛኛው ያልቃል፤ ስለሆነም በሚንገጫገጭ ተጎታች ውስጥ ለማስገባት አልደፈርኩም። ተራ ነጭ ፎም በዋጋ ቢረክስም እርጥበት ያስገባል። የእርጥበቱ ነገር ደግሞ ከማገጃው ዓይነት የበለጠ ትኩረት ይሻል ብዬ አምናለሁ። በሞቃት አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ሁልጊዜ ወደ ቀዝቃዛው ጎን ይጓዛል፤ በፎሙ ሰሌዳዎች መካከል ባለ ስንጥቅ ገብቶ ከውስጠኛው ግድግዳ ጀርባ ወደ ውሃነት ይለወጣል። የራሰ ማገጃ ማገጃነቱን ያጣል፣ ከባድ ይሆናል፣ ሽታም ያመጣል። ስለዚህ ተን የማያሳልፈው ሽፋን፣ የአልሙኒየም ወረቀትም ሆነ ወፍራም ፕላስቲክ፣ መደረግ ያለበት በውጭው በሞቃቱ ጎን ነው፤ መጋጠሚያዎቹም ሁሉ በአልሙኒየም ፕላስተር መታሸግ አለባቸው። እኔ ፎሙን በ5 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳዎች በሁለት ድርብ አድርጌ፣ የአንዱ ድርብ መጋጠሚያ ከሌላው መጋጠሚያ ጋር እንዳይገጥም አፈራርቄ ለጥፌዋለሁ። ከዚያ በኋላ ውጩን በቀጭን ኮምፔንሳቶ፣ ውስጡን በፋይበርግላስ ሸፍኛለሁ።

የፎሙን ጥቅም በስውር የሚበላ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ከውጭ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ብረት ወይም እንጨት ነው። እንጨት ከፎሙ አራት እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል፤ የብረት ብሎን ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሳጥኑን ለማጠንከር ሲባል በአራቱም ማዕዘን ከውስጥ እስከ ውጭ የሚደርስ የእንጨት ምሰሶ ማቆም የተለመደ ነው። ጥንካሬውን ከማጣበቂያውና ከሁለቱ ሽፋኖች ማግኘት ስለሚቻል እኔ አላስገባሁም።

ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት መሆን ይሻላል። ምክንያቱ ግን ብዙዎች የሚያነሡት ብቻ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በፊት ለፊት በር በኩል ሲከፈት እንደሚፈስ እውነት ነው፤ ነገር ግን በ52 ሊትር አየር ውስጥ ያለው ሙቀት በጣም ትንሽ ነው። አየሩ ሙሉ በሙሉ በ30 ዲግሪ አየር ቢተካ እንኳ፣ ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ፣ የሚጨመረው ሙቀት ከ1 ዋት-ሰዓት አይበልጥም። ትልቁ ጥቅም ያለው ክዳኑ በተዘጋበት ረጅም ሰዓት ነው፦ የቆመ በር ጎማው ከታች በኩል ትንሽ ክፍተት ካለው ቀዝቃዛው አየር ሳያቋርጥ ይንጠባጠባል፤ ከላይ ያለ ክዳን ግን ክፍተት ቢኖረውም ቀዝቃዛው አየር በገንዳው ውስጥ እንደተኛ ይቀራል። ቢሆንም ጎማው መፈተሽ አለበት። አንድ ወረቀት በክዳኑና በጎማው መካከል አስገብቶ መዝጋትና መሳብ ይበቃል፤ ሳይታገል ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ አየር ያሳልፋል። ወደ ላይ የሚከፈት ሳጥን ጉዳቱ ከታች ያለውን ለማግኘት የላዩን ማንሣት መሆኑ አይካድም፤ ይህን በሁለት ተነሺ ቅርጫቶች አቃልዬዋለሁ።

ክዳን ስለመክፈት የሚጨነቅ ሰው ከዚያ ይልቅ ምን እንደሚያስገባ ቢያስብ ይጠቀማል። 10 ሊትር ውሃን ከ30 ወደ 4 ዲግሪ ማውረድ 300 ዋት-ሰዓት ያህል ሙቀት ማውጣትን ይጠይቃል፤ ይህም ወደ 21 አምፔር-ሰዓት የሚጠጋ፣ ማለትም ጥሩው ሳጥን ለሙሉ ቀን ከሚፈልገው የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችን አንድ ቀን ቀደም ብለን ማቀዝቀዣውን ከቤት መብራት ጋር በተገናኘ ባትሪ መሙያ እናስነሣዋለን፤ የሚገባው ሁሉ በቤት ፍሪጅ ቀዝቅዞ ይገባል። በጉዞ ላይ የሚገዛ ውሃና መጠጥም ሌሊት ውጭ አድሮ ማለዳ ይገባል።

ከሳጥኑ የወጣው ሙቀት በኮንደንሰሩ በኩል ወደ አየር መሄድ አለበት፤ ብዙ ጥሩ ማቀዝቀዣዎችም የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ኮንደንሰሩ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል፤ ኮምፕረሰሩም ሳጥኑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። እኔ አየሩ በተጎታቹ ወለል ላይ ከተበጀ፣ በወንፊት ከተሸፈነ ቀዳዳ በጥላ በኩል ገብቶ፣ በኮንደንሰሩ ውስጥ አልፎ ከላይ በጎን በኩል እንዲወጣ አድርጌዋለሁ። በኮንደንሰሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በፎም ቁራጭ መድፈን ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ማራገቢያው የሚገፋው አየር አቋራጭ መንገድ ይመርጣል። ተጎታቹን ሳቆምም ይህ ጎን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንዳይመታው እጠነቀቃለሁ።

የሽቦው ውፍረት በዝቅተኛ ቮልቴጅ ዋና ጉዳይ ነው። 6 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ባትሪ መሄጃና መመለሻው ሲደመር 12 ሜትር ሽቦ ይፈልጋል። ሽቦው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን በ5 አምፔር 0.7 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል፤ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን ግን ከ0.2 ቮልት በታች ነው። ለቢዲ 35 የተሰጠው መመሪያ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ በ12 ቮልት እስከ 2.5 ሜትር ርቀት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ እስከ 4 ሜትር 4፣ እስከ 6 ሜትር 6፣ እስከ 10 ሜትር 10። በ24 ቮልት ርቀቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ሳይጋራ በቀጥታ ከባትሪው መነሣት፣ ባለ 15 አምፔር ፊውዙም ለባትሪው ቅርብ መሆን አለበት። ባትሪው ገና ኃይል እያለው ኮምፕረሰሩ ለመነሣት እየሞከረ የሚቆም ከሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው ሽቦውና መጋጠሚያዎቹ ናቸው፤ መለኪያውን በባትሪው ላይ ሳይሆን ሞተሩ እየሠራ ሳለ በኮምፕረሰሩ መግቢያ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ባትሪውን ለመጠበቅ፣ ሳይስተካከል ሲመጣ፣ በ10.4 ቮልት ያቆማል፤ 11.7 ሲደርስም መልሶ ያስነሣል። 10.4 ለሊድ-አሲድ ባትሪ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ የዚህ ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ የማቆሚያውን መጠን በሬዚስተር ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው። በቀን 25 አምፔር-ሰዓት ለሚወስድ ማቀዝቀዣና ፀሐይ ለማይገኝባቸው ሁለት ቀናት 50 አምፔር-ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህም ባለ 100 የሊድ-አሲድ ባትሪ ወይም ከ60 በላይ የሆነ የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ማለት ነው። ሊትየሙ ከ0 ዲግሪ በታች መሞላት እንደማይገባው መታወስ አለበት። ባለ 100 ዋት ፓነል አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አግኝቶ፣ ብክነቱ ሲቀነስ፣ 300 ዋት-ሰዓት ቢሰጥ ነው፤ ይህ ለማቀዝቀዣው ብቻ በልኩ ስለሆነ ባለ 150 ዋት ቢሆን እመርጣለሁ።

በፓነሉ ላይ ያገኘሁት አንድ ጠቃሚ ዘዴ ቀትር ላይ ባትሪው ሞልቶ የሚባክነውን ኃይል ወደ በረዶ መለወጥ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 93 ዋት-ሰዓት ሙቀት ይወስዳል። ሁለት ባለ 1 ሊትር የውሃ ጠርሙሶች ከኢቫፖሬተሩ ጋር ተጠግተው በቀን ቢረጉ፣ 11 ዋት ለሚያስገባ ሳጥን ለ16 ሰዓት ያህል የሚሆን ቅዝቃዜ ያጠራቅማሉ። ለማርጋት ኢቫፖሬተሩ የበለጠ መቀዝቀዝ ስላለበት ኮምፕረሰሩ ያን ጊዜ ብቃቱ ይቀንሳል፤ ኃይሉ ትርፍ በሆነበት ሰዓት ግን ይህ አያሳስብም፤ በባትሪ ላይ በተመሠረተ ሌሊት ግን ፈጽሞ አላደርገውም።

የቤት ውስጥ ፍሪጅ ወይም ወደ ላይ የሚከፈት ፍሪዘር ገዝቶ በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል በሚለውጥ ዕቃ) ማስነሣት በዋጋ ያጓጓል። ፍሪዘሩ በውጫዊ ቴርሞስታት ወደ 4 ዲግሪ ሲስተካከል በእርግጥ ጥቂት ኃይል ይወስዳል። ሆኖም ኢንቨርተሩ ራሱ ምንም ሳይሠራ 10 ዋት ከወሰደ በቀን 240 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ይህም የእኔ ሳጥን በሙሉ ቀን ከሚፈልገው ጋር የሚስተካከል ነው። ጭነት ሲመጣ ብቻ የሚነሣ ኢንቨርተር ካልተገኘ በስተቀር ይህን መንገድ አልመክርም።

ሳጥኑን ራስ መሥራት ለሁሉም ሰው ይገባል አልልም። ጊዜ የሌለው፣ ወይም በተጎታቹ ውስጥ 70 በ55 በ50 ሴንቲ ሜትር ቦታ መስጠት የማይችል ሰው የተዘጋጀ ባለ ኮምፕረሰር ሳጥን ቢገዛ ይሻለዋል። በተገዛው ላይ ፎም መጨመርም ይቻላል፤ አስቀድሞ ግን እየሠራ ሳለ ግድግዳዎቹን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ በአንዳንዶቹ ኮንደንሰሩ ከውጫዊው ቆርቆሮ ጀርባ የተደበቀ ስለሆነ የሚሞቀው ጎን ከተሸፈነ ማቀዝቀዣው ይጎዳል። የሚሠራውም ሰው ጋዙ አስቀድሞ የተሞላለት፣ ቱቦዎቹ በፍጥነት የሚጋጠሙለት ስብስብ ቢጠቀም መልካም ነው። በአሮጌዎቹ ውስጥ ያለው አር 134 ኤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1000 እጥፍ በላይ የሚያሞቅ ጋዝ በመሆኑ ወደ አየር መለቀቅ የለበትም፤ በአዲሶቹ ውስጥ ያለው አይሶቡቴን ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፤ ሁለቱንም መክፈት የማቀዝቀዣ ባለሙያ ሥራ ነው።

የሚገዛ ሰው በመግለጫ ወረቀት ላይ የተጻፈውን አማካይ አምፔር ሲያነብ በስንት ዲግሪ እንደተለካ ይመልከት። ውጭው 20፣ ውስጡ 5 ሆኖ የተለካ ማቀዝቀዣ ልዩነቱ 15 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ውጭው 30 ሲሆን ልዩነቱ 25 ስለሚሆን፣ በወረቀቱ ላይ 0.8 አምፔር የተባለው ቢያንስ 1.3 ይሆናል፤ በቀንም ከ19 ወደ 32 አምፔር-ሰዓት ያድጋል። የውጭው ዲግሪ ያልተጻፈበት ከሆነ ሻጩን መጠየቅ፣ መልስ ከሌለም የግድግዳውን ውፍረት ለክቶ ከላይ ባለው ስሌት ማስላት ይቻላል።